ስለ ፈረስ ጉዞ፤ «ከዚህ ቀደም ተቀምጠው ያውቃሉን?»

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደጋው አገር የሚወጡ ቤተ ሰቦች በመሪ እየታገዙ በፈረስ መሄድን ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ለዚህ ጉዞ ከስንቅና ከልብስ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እውነት መናገር መሆኑን እኔ የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ስለ ሆነ፥ ሌላው እንዳይደግመው ታሪኩን ከምክሩ ጋራ አቀርባለሁ።

ባለፈው ጥር ከባለቤቴና ከ11 ዓመት ልጄ ጋራ ወደ ባሌ ተጉዤ ነበር። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ይህም ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚ በዚያ መሪና ፈረስ ተከራይቶ፥ የደጋ አጋዘን ለማየት በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ጋይሳይ ሜዳ፥ ቀይ ቀበሮ ለማየት ደግሞ ራቅ ብሎ ወደ ዌብ ሸለቆ ይሄዳል።

መሪያችን ገና ፈረሶቹን ሳያቀርብ «ከዚህ ቀደም ተቀምጠው ያውቃሉን?» ብሎ ጠየቀን። ባለቤቴ በእግር መሄድን መረጠች፤ ልጄም ያለ ሐፍረት «አላውቅም» አለች። እኔ ግን አያቴ ፈረሰኛ እንደ ነበሩ ዘወትር ለልጄ ስነግራት የኖርሁ ነኝና፥ በርስዋ ፊት አላውቅም ማለትን ስለ ፈራሁ «በሚገባ አውቃለሁ» ብዬ መለስሁ። በዚህ መልስ ምክንያት ለርስዋ እርጋታ ያላት ባዝራ፥ ለእኔ ፈጣን ፈረስ ተሰጠን።

ጥቂት እንደ ሄድን ከቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ከርከሮ ዘሎ ወጣ። ፈረሴ ሲደነግጥ እኔም ደንግጬ በሁለት ተረከዜ ሆዱን ጨመቅሁት። ለፈረስ ይህ «ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነውና መጋለብ ጀመረ። ፈረስ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ስለ ሆነ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይከተላል፤ የልጄም ባዝራ በሶምሶማ ተከተለችን። የልጄን ጩኸት ከኋላዬ ሰማሁ፤ ልመለስ ግን አልቻልሁም። መሪው ሮጦ የባዝራይቱን ዛብ ባይዝ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ዛሬም ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። እኔ ከሣሩ ላይ ወድቄ ክንዴ ብቻ ተላጠ። መሪውም አፈሩን ከልብሴ እያራገፈልኝ «ጋሼ፥ አላውቅም ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎ ነበር?» አለኝ። የምመልሰውም ቃል አላገኘሁም።

እንግዲህ በፈረስ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ።

መሪው ስለ ልምድህ፥ ስለ ዕድሜህና ስለ ክብደትህ ይጠይቅሃል። ይህ ፈረሱን ላንተ ለመምረጥ ነው እንጂ አንተን ለመናቅ አይደለም። ብዙ የፈረስ ዐዋቂዎች ከነኮርቻው ያለው ሸክም ከፈረሱ ክብደት ከአንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ልኩ 60 ኪሎ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከባድ ሰው ትልቅ ፈረስ ይጠይቅ፤ በዳገቱና በቁልቁለቱም ወርዶ በእግሩ ይሂድ። ጀርባው የተገጠበ ፈረስ ቢቀርብልህ በትሕትና ሌላ ለምን። የፈረሱና የመሪው ዋጋ ለየብቻ ሊሆን ይችላልና አስቀድመህ ተነጋገር።

ወደ ፈረሱ ስትቀርብ እያናገርኸው ወደ ትከሻው በኩል ቅረብ፤ በስተ ኋላው ያለውን በደኅና ስለማያይ ደንግጦ ሊራገጥ ይችላልና። ከመውጣትህ በፊት ኮርቻውን በሆዱ ሥር የሚያስረው ጠፍር መጥበቁን መሪው እንዲያይልህ ጠይቅ። እርካብ የምትረግጠው በእግርህ ፊተኛ ክፍል ብቻ ይሁን። የቀድሞ ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ ከእርካቡ ያስገቡ ነበር፤ ዛሬ ጫማ የለበሰ እግር እስከ ተረከዙ ከገባ ግን በመውደቅ ጊዜ ተይዞ ይጎተታል። ስለዚህ ተረከዝ ያለው ጫማና ረዥም ሱሪ ይመረጣል። የራስ ቁር በየቦታው አይገኝምና፥ በተለይ ለልጆች፥ ከቤት ይዞ መሄድ ይገባል።

ጉዞው እንደ ጦር ሜዳ ግልቢያ አይደለም። ፈረሶቹ አንዱ ከሌላው አንድ ፈረስ ያህል ርቆ ተከታትለው በርምጃ ይሄዳሉ። በዳገት ወደ ፊት፥ በቁልቁለት ወደ ኋላ ጥቂት ማዘንበል የፈረሱን ድካም ያቃልላል። ፈረሱ ቢደነግጥ መጮኽና ተረከዝ ማጥበቅ አይገባም፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ዛቡን በልክ መሳብ ይሻላል። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ ማለዳው ይበርዳል፤ የቀትሩ ፀሐይም ያቃጥላል፤ ትንፋሽም ያጥራል። ለጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፤ በማግስቱም ጭኑና ጉልበቱ ቢያመው አይደንግጥ።

በማግስቱ እኔ ራሴ፥ ጭኔ እያመመኝ፥ ወደዚያው መሪ ሄጄ በልጄ ፊት «ከትናንት በቀር ፈረስ ተቀምጬ አላውቅም» አልሁት። እርሱም አንዲት ያረጀች ባዝራ አምጥቶ በገመድ እየሳበ ወሰደኝ። ልጄ ከኋላዬ ሆና እስኪበቃት ሳቀችብኝ። ነገር ግን በጋይሳይ ሜዳ ቀንዳሙን የደጋ አጋዘን ሳናስደነግጠው ቆመን ያየን በዚያ ቀን ነው።

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ፈረሱ ተሸክሞ ይወስደናል፤ ማስተዋሉ ግን የእኛ ፈንታ ነው። አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ከኋላችሁ አስከትላችሁ ስትወጡ፥ መሪው ለሚያቀርብላችሁ ለዚያች አንዲት ጥያቄ እውነቱን መልሱ።