ከሳይነስ ኦፕራሲዮን በኋላ ስላለው ህመም አስቀድማችሁ ጠይቁ



የሳይነስ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የተያዘላቸው ሰዎች ብዙ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ስንት ያስከፍላል? ተመልሶ ይመጣል ወይ? ስንት ቀን ያስተኛል? «ህመሙን በምን ታስታግሱልኛላችሁ?» የሚል ግን ብዙም አይገጥመኝም። እኛ ዘንድ ህመምን መቻል እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠር ይመስለኛል። ልጅ ከሆነማ «አይዞህ፣ ጎበዝ፣ ያልፋል» ብቻ ነው። እኔ ይህ ጥያቄ የግድ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መነሳት አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ከማስታገሻ ዘዴዎቹ አንዱ በአብዛኛው የሚሰጠው ገና በሰመመን ውስጥ እያላችሁ ነው።

ዘዴው ነርቭ ብሎክ ይባላል። ከአፍንጫ በስተኋላ የአፍንጫን፣ የሳይነስንና የላንቃን ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች የሚያልፉበት ቦታ አለ። ሐኪሙ እዚያ አካባቢ እንደ ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን ያለ ማደንዘዣ ሲሰጥ የህመሙ መልእክት ለጊዜው አንጎል ጋ አይደርስም። ጥርስ ሲነቀል ድድ እንደሚደነዝዘው ማለት ነው። ሊዶኬይን ቶሎ ይለቃል፤ ቡፒቫኬይን ለበርካታ ሰዓታት ይቆያል። ታካሚው ሲነቃ ህመሙ ስለሚቀለው ጠንካራ ማስታገሻ የመፈለግ ዕድሉ ይቀንሳል። ጠንካራ ማስታገሻ ሲቀንስ ደግሞ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል።

ብሎክ የማይሰጥ ሆስፒታል መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የዚህ ኦፕራሲዮን ህመም ለአብዛኛው ሰው ቀላል ወይም መካከለኛ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ የተወሰደ ፓራሲታሞል ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ብሎክም የራሱ ጣጣ አለው። ላንቃ ሊደነዝዝ፣ ሊደማ፣ ለጥቂት ጊዜ ነገር ሁለት ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ዕይታን ይጎዳል። ስለዚህ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። «ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ከአንገት በላይ ሐኪሙንና ሰመመን ሰጪውን ጠይቁ።

ብሎክ ከተሰጣችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ የሚለቀው ቤት ከገባችሁ በኋላ፣ ምናልባትም ሌሊት ነው። «አላመመኝም» ብሎ ክኒኑን ያልነካ ሰው ያን ጊዜ ይቸገራል። የታዘዘላችሁን ፓራሲታሞል ከመልቀቁ በፊት ጀምሩ። ለልጅ መጠኑ በክብደቱ ስለሚሰላ በግምት አትስጡ።

ቤት ውስጥ የተረፈ ትራማዶል ካለ ለልጅ እንዳትሰጡ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አግዷል፤ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። አስም ያለበትና በአፍንጫው ውስጥ ሥጋ፣ ማለትም ፖሊፕ፣ የበቀለበት ሰው ደግሞ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሊያፍነው ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። የዳይክሎፌናክ መርፌ እኛ ጋ እንደ ዋዛ ስለሚወጋ ነው ይህን ደግሜ የምናገረው።

በማስታገሻ የማይመለስ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ማበጥ ወይም የዕይታ መለወጥ፣ የማይቆም ደም፣ ከአንገት መገተር ጋር የመጣ ትኩሳት፣ ጎንበስ ስትሉ ከአፍንጫ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ካያችሁ ግን ሌላ ክኒን አትጨምሩ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።