ቁጥሩስ ተሳስቶ ነበር፤ ግን በየት በኩል?

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ፣ በጣም ጎበዝ ፕሮግራመር፣ «ኮሮና ድሮም ቢዝነስ ነበር» አለ። «በየቀኑ ቁጥር ይለጥፉ ነበር፤ ማን ቆጠረው? ለዕርዳታ ሲሉ ያጋነኑት ነው።» ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። 2012 ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። እንዲያውም ቀልዱን በቴሌግራም ከሚያዞሩት አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን ያ ሳቅ ያናድደኛል፣ ምክንያቱንም ልንገራችሁ።

ልጁ በአንድ ነገር ልክ ነው። ቁጥሩ የታማሚዎች ቁጥር አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በኋላ የጤና ሚኒስትሯ ዶ/ር ሊያ ታደሰ በየቀኑ በትዊተር የሚያወጡትን ሪፖርት አስታውሱ። ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል የላብራቶሪ ምርመራ ተደረገ፣ ይህን ያህል ሰው ቫይረሱ ተገኘበት፣ ይህን ያህል ሞተ፣ ይህን ያህል አገገመ። ሁላችንም ዓይናችን የሚሮጠው ወደ «ተገኘበት» ነበር። ከላዩ ያለችውን የምርመራ ቁጥር ማንም አያያትም። ሙሉ ወሬው ግን እዚያች መስመር ላይ ነበር።

ነሐሴ 2012ን ውሰዱ። በአገር አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው በቀን የሚመረመርበት ጊዜ መጣ፤ በቀን ከ1,500 በላይ የሚገኝባቸው ቀኖችም ነበሩ። «አጋነኑት» ተባለ። ዘመቻው ሲያልቅ ምርመራው ቀነሰ፣ የተገኘው ቁጥርም አብሮ ወረደ። ያኔ ደግሞ «አለቀ፣ ድሮም አልነበረም» ተባለ። አሁን ወደ መጋቢት 2013 እንሂድ። በቀን የሚመረመረው ሰባት ስምንት ሺህ ገደማ ነው፣ የሚገኝበት ግን ወደ 2,000 ደርሷል። በነሐሴ ከመቶ ሰው ሰባት ስምንቱ፣ በመጋቢት ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው። ይሄ የሁለት ደቂቃ ስሌት ነው፣ ኤክሴል እንኳን አያስፈልገውም። እኛ ግን በነሐሴ ማስክ አድርገን በመጋቢት አወለቅን።

ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ይህን ስህተት ሥራው ላይ አይሠራም። ሎጉ ከመቶ ጥያቄ አንዱን ብቻ የሚመዘግብ ከሆነና አምስት ስህተት ካሳየ፣ «አምስት ስህተት ብቻ ነው ያለው» የሚል ባልደረባ በማግስቱ ሥራ ይፈልጋል። «አምስቱንም ፈጥረውት ነው» የሚለውንማ ተዉት። ያ ጎበዝ ልጅ ኮዱ ላይ የሚያውቀውን ነገር እንጀራ ፊት ሲቀርብ ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም።

ጠንካራው ክርክራቸው የአስከሬኑ ነገር ነው፣ እሱን ዝም ብዬ አላልፈውም። 2012 ሰኔ አካባቢ ሪፖርት ከተደረጉት ሟቾች ብዙዎቹ ከአስከሬን በተወሰደ ናሙና የተገኙ ነበሩ። ሰዉ አስከሬን ለመረከብ ውጤት ሲጠብቅ አምርሯል፣ እውነቱንም ነው። «በመኪና አደጋ የሞተውም ኮሮና ይባላል» የሚለው ወሬ የተወለደው እዚያ ነው። ቫይረሱ ኖሮበት መሞትና በቫይረሱ መሞት ይለያያሉ፤ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን ሌላውንም ጎን እዩት። በሕይወት እያለ ማንም ሳይመረምረው ሞቶ ከተገኘ፣ ሳይመረመር ሞቶ ሳይመረመር የተቀበረስ ስንት ነው? ጥርጣሬ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ካልሄደ ጥላቻ ነው እንጂ ጥርጣሬ አይደለም።

ደግሞስ ያጋነነ መንግሥት እንዲህ ያፍራል እንዴ? ከ110 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር በወረርሽኙ ዓመታት በይፋ የተመዘገበው ሞት 7,500 ገደማ ነው። ለዕርዳታ የሚዋሽ ሰው ከዚህ የተሻለ መዋሸት ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ባወጣው ግምት፣ በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት በዓለም ላይ ወደ 14.9 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰው ሞቷል፤ አገሮች ያሳወቁት ግን 5.4 ሚሊዮን ነበር። መዝገቡ ሳሳ ባለበት አገር ሁሉ ቁጥሩ ወደ ታች ነው የሚሳሳተው።

ግን ባለሥልጣኖቹንም አልምርም። ያንን ቁጥር ለዓመታት ሲያነቡልን ከመቶ ስንት እንደሆነ ደጋግሞ ያስረዳን ሰው አልነበረም። በማስረዳት ፈንታ ፖሊስ ላኩብን። ታናሽ ወንድሜ ማስክ አገጩ ላይ አድርጎ ስለተገኘ ተይዞ ግማሹ ማስክ ከሌለው ሰው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ታጉሮ አመሸ። ታክሲ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ይጫን ተባለ፤ ረዳቱ ትርፍ ጭኖ ትራፊክ ሲያይ «ዝቅ በሉ» ይለን ነበር። ነሐሴ 2012 ሊደረግ የነበረው ምርጫ በቫይረሱ ምክንያት ተራዘመ፤ በዓመቱ ለዚያው ምርጫ ቅስቀሳ ስታዲየም ተሞላ። ይህን ያየ ሰው ቁጥሩን ባያምን ምን ይገርማል? እኔ የምቃወመው አለማመኑን ሳይሆን ከዚያ የተነሣበትን ዝላይ ነው። የሰውዬው ባሕርይ ውሸታም ስለሆነ ሳሉም ውሸት ነው ማለት አይደለም።

የእኔን ዝላይ ደግሞ እነሆ። መጋቢት 2013 አጎቴ ደወሉልኝ። ጋሽዬ ነው የምላቸው። «አንተ የተማርከው ልጅ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው ወይስ ያጋንኑታል? ቤተ ክርስቲያን እኔ ብቻ ነኝ ማስክ የማደርገው፣ ይስቁብኛል» አሉኝ። «ያጋንኑታል ጋሽዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ኮዴ ተመለስኩ።

ሚያዝያ ውስጥ ሞቱ። ሁለት ሆስፒታል አልጋ የለም ብሎን፣ ሦስተኛው ኦክስጅን እስኪያገኝ ሲነጋ። ማንም አልመረመራቸውም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «የሳንባ ምች» ነው። ድንኳኑ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ተቀምጠን አንድ ዘመዳችን «ተመስገን ኮሮና አይደለም» አለ፣ ሁሉም ተስማማ። በእኔ መልስ ነው የሞቱት አልልም፣ ያንን ማወቅ አይቻልም። 7,500ው ውስጥ እንደሌሉ ግን አውቃለሁ።

እውነተኛ መቁጠር ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ነበረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤች አይ ቪ ስንት ሰው እንደሚገድል ለማወቅ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ቦታዎች የሚቀበረውን ሰው ያስመዘግብ ነበር። የመቃብር ጠባቂ ዕርዳታ አይጠይቅም፣ የምርመራ ኪትም አያስፈልገውም። የዕድር ደብተርም እንደዚያው ነው፤ ገንዘብ የሚወጣበት ስለሆነ ማንም ሞት አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትምም። በዘመቻው ወቅት ዕድሮችን ለቅሶ በትኑ ከማለት ይልቅ ደብተራችሁን አሳዩን ያለ ሰው ቢኖር፣ ዛሬ ምሳ ላይ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

ከዚያ ምሳ በኋላ ቅዳሜ ዕለት ወደ ጋሽዬ ዕድር ጸሐፊ ሄድኩ። ደብተሩን በነጻ ወደ ኤክሴል ልገልብጥልዎት አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው የ2013ን ገጾች ገለጡልኝ። ስም፣ ቀን፣ የተከፈለ ብር፣ የተቀባይ ፊርማ። ሚያዝያ ሙሉ ገጽ ይዞ ወደ ጀርባው ያልፋል፣ ከፊቱ ያሉት ወሮች ግን ግማሽ ገጽ እንኳን አይሞሉም። የሞት ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ለምን እንደሌለ ጠየቅኳቸው።

«ምን ያደርጋል ልጄ» አሉኝ፣ «ክፍያው እኮ አንድ ነው።»