ሰዓቱ ላልተወሰነ ሠራተኛ የዕረፍት ሒሳብ

ስለ ደመወዙ የሚከራከር ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ስለ ዕረፍቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይልቁንም ዛሬ ተጠርቶ ነገ ከበር የሚመለስ ሰው «የዓመት ዕረፍት ለወር ደመወዝተኛ ነው» ብሎ ተስፋ ቈርጦ ይኖራል፤ አሠሪውም ዝም ይላል። ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት ግን ከድካም ዋጋ አንዱ ክፍል ስለ ሆነ፥ በዚህ ዝምታ የድኻው ገንዘብ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ወር ሒሳቡ እንዴት እንደሚታሰብ በአጭሩ ልንገልጥ ወደድን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ከዚያም በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። «የሥራ ቀን» መባሉን ልብ እንበል። ስለዚህ የመስቀልን ወይም የልደትን በዓል ከ16ቱ ላይ የሚቀንስ አሠሪ የሠራተኛውን መብት መንካቱ ነው።

ሥራው ለሚቈራረጥበት ሰው ደግሞ ሕጉ መስፈሪያ አበጅቷል፤ 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር አገልግሎት ይቈጠራል። አገልግሎቱ ለሙሉው ዕረፍት ያልበቃም ሠራተኛ እንደ አገልግሎቱ መጠን ይሰጠዋል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንዲት ቡና ለቃሚ እናትን እናስብ። ቡና ሲገባ በወር 24 ቀን ትሠራለች፤ ሲጠፋ 10 ቀን ብቻ ትጠራለች። በዓመቱ መጨረሻ የሠራችባቸው ቀኖች ቢደመሩ 195 ሆኑ እንበል። 195 ለ26 ሲካፈል ሰባት ወር ተኩል ይሆናል። 16ን በሰባት ተኩል ብናበዛ 120፥ ይህንም ለ12 ብናካፍል 10 ይወጣል። እንግዲህ የዚህች እናት ዕረፍት 10 የሥራ ቀን ነው።

የእነዚያ ቀኖች ዋጋስ? ሠራተኛ በዕረፍቱ ጊዜ የሚያገኘው ሥራ ላይ ቢቈይ ኖሮ ሊያገኝ የሚችለውን ያህል መሆን እንዳለበት ዐዋጁ ይናገራል። በኩንታል ወይም በኬሻ ለሚከፈለው ሰው ቀኑ ሁሉ አንድ ስላልሆነ፥ ለኅሊና የሚቀርበው መንገድ የዓመቱን ገቢ ለተሠሩት ቀኖች ማካፈል ነው። እናታችን በዓመት 29,250 ብር አግኝታ ብትሆን፥ ለ195 ቀን ሲካፈል 150 ብር ይደርሳል፤ የ10 ቀን ዕረፍቷም ዋጋ 1,500 ብር ነው። አንዱ ቀን አራት ሰዓት፥ ሌላው ስምንት ሰዓት ቢሆን እንኳ፥ የሰዓቱ ማጠርና መርዘም በዚሁ አማካይ ውስጥ ይገባል።

ይህን ገንዘብ ተቀብሎ ዕረፍቱን መሸጥ ግን አልተፈቀደም። ባልተወሰደ ዕረፍት ፈንታ ገንዘብ የሚከፈለው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ነው፤ ያንንም በስድስት ወር ውስጥ ያልጠየቀ ሰው በይርጋ ይታገዳል።

ሒሳቡ ሁሉ የቆመው በቀን ቈጠራ ላይ መሆኑን አንባቢ አስተውሏል። የአሠሪው መዝገብ ቢጐድል የሠራተኛው ቃል ብቻውን ደካማ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያለበት ቤት የእናቱን ወይም የአባቱን የሥራ ቀንና የተከፈለውን ገንዘብ በየማታው በደብተር ይጻፍላቸው። ማካፈልንና ማባዛትን የተማረው ለፈተና ብቻ አይደለምና፥ ለወላጁ ጥብቅና የሚቆምበት ጊዜ ይህ ነው።

በመጨረሻም ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስ። ትርፍ ለማግኘት ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚደረግ ውል በዚህ ዐዋጅ አይሸፈንም፤ እንግዲህ በቤታችን የምታገለግለን ልጅ ከላይ የቈጠርነው 16 ቀን የላትም። ሳይነጋ እሳት የምታነድ፥ እንግዳ ሲመሽ የምታስተናግድ፥ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ እርሷ ናት፤ ሰዓቱ እንደ እርሷ ያልተወሰነ ማን አለ? ለጥምቀት ወላጆቿን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ የቀረችበትን ቀን ከደመወዟ የምንቈርጥ ከሆነ፥ ይህ ዐዋጅ አይከሰንም፤ ኅሊና ግን ይከሰናል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 እግዚአብሔር ዕረፍትን ሲያዝ የአገልጋዪቱን ልጅና መጻተኛውን፥ በሬውንና አህያውንም አልዘነጋም። ዐዋጁ ለፋብሪካ ሠራተኛ የሰጠውን 16 ቀን እኛ በፈቃዳችን ለእርሷ ብንሰጥ፥ ቀኑንም አስቀድመን ብንነግራት፥ ደመወዟንም ሳንቀንስ ብንሸኛት፥ ከቤታችን የሚጐድል እጅግ ጥቂት ነው።

የሠራተኛን ድካም የሚያውቅ አምላክ፥ ለአሠሪው ርኅራኄን፥ ለሠራተኛውም ታማኝነትን ይስጥልን።