«ወላጅ አምጪ!» የተባለችው ልጅ ራሷ ወላጅ ሆና ብትመጣስ?



«የዛሬ ልጆች የማንነት ቀውስ ምናምን የሚሉት ስልክ ያመጣው ቅብጠት ነው፤ በእኛ ጊዜ የት ነበር?» የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። ዛሬ እሱን ልሞግት ነው።

በአንድ የልጆች መጽሐፍ ልጀምር። ሜሪ ሮጀርስ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1972 «ፍሪኪ ፍራይደይ» የሚል ልብወለድ አሳትማለች። አናቤል የ13 ዓመት ልጅ ናት። አንድ ዓርብ ጠዋት ስትነቃ ራሷን እናቷ ገላ ውስጥ ታገኘዋለች። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሊንዚ ሎሃን እና ጄሚ ሊ ከርቲስ የሠሩትን የ2003ቱን ፊልም ነው።

ትልልቆቹ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ሁሌ አንድ ነው፦ «አየሽ? የእናትሽን ድካም ቅመሺው!» እሺ፣ እሱም አለበት። ግን መጽሐፉ ውስጥ የምንዘለው ቦታ አለ። አናቤል በእናቷ ገላ ሆና ትምህርት ቤት ትሄዳለች። መምህራኑ ስለ አናቤል ሊያወሩ እናትየዋን ጠርተዋል። ቁጭ ብላ ትሰማለች። ጭንቅላቷ ብሩህ፣ ውጤቷ ግን ዝቅ ያለ መሆኑን ይነግሯታል። ስለ እሷ፣ ፊቷ ላይ፣ እሷ እንደሌለች ሆነው!

እኛ አገር ይህን ለማየት አስማት አያስፈልግም። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ቢሮው ጥግ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። «ይሄ ልጅ ጭንቅላት አለው፤ ግን ሰነፍ ነው።» «እቤትም እንዲሁ ነው መምህር፤ ይቅጡልኝ!» ስሙ እንኳ አይጠራም። «ይሄ» ነው።

ደግሞስ የ13 ዓመት ልጅ ሌላ ሰው ገላ ውስጥ ለመንቃት ልብወለድ ያስፈልጋታል እንዴ? ቁመቷ በክረምቱ ተመዞ፣ ፊቷ ብጉር አውጥቶ፣ ትናንት የሆናት ልብስ ዛሬ እንቢ ይላታል። የወንዱ ድምፅ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ሲመልስ ይሰነጠቃል። እነሱ ገና ሳይለምዱት እኛ እንቀድማቸዋለን፦ «ውይ ወፈርሽሳ!» «ድምፅህ ምን ሆነ?» እንግዳ ፊት እንስቃለን። ከዚያ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ «ምን ጎደለህ?» እንላለን።

«በእኛ ጊዜ አልነበረም» ለምትሉ ደግሞ። «የማንነት ቀውስ» የሚለውን አባባል ያስፋፋው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤሪክ ኤሪክሰን የተወለደው በ1902 ጀርመን ነው። ያደገው አይሁድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ረጅምና ጸጉረ ወርቃማ ስለነበር ምኵራብ ውስጥ እንደ ባዕድ ተቀለደበት፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በአይሁድነቱ ተሰደበ። የወለደውን አባት ማንነት ሳያውቅ ነው የሞተው። ታዲያ ያኔ ስልኩ የት ነበር? ቲክቶክስ? በእናንተም ጊዜ ነበር፤ የሚጠይቃችሁ ሰው ነው ያልነበረው።

ይህ ሰው በኋላ የጻፈው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ወጣት ልጅ ራሱን ከውስጥ የሚያውቀውንና ሰው በእሱ ላይ የሚያየውን ለማስታረቅ ይታገላል። እንግዲህ ሰው የሚያየው «ሰነፍ»፣ «ባለጌ»፣ «ወፍራም» ብቻ ከሆነ ልጁ ከምን ጋር ይታረቅ?

«ታዲያ ልጅ አይገሠጽ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይገሠጽ! ግን «ትናንት የቤት ሥራህን አልሠራህም» ማለትና «አንተ ሰነፍ ነህ» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ዛሬ ማታ ቁጭ ብሎ ማስተካከል ይችላል። ሁለተኛውን ምን ያድርገው? አናቤል በዚያው ቀን ወደ ገላዋ ተመልሳለች። የእኛ ልጆች ግን ያወጣንላቸውን ስም ተሸክመው ስንት ዓመት ይኖራሉ?

መምህር የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። በሚቀጥለው ወላጅ ስትጠሩ ለልጁም ወንበር አምጡለት። በስሙ ጥሩት። ከወላጁ በፊት እሱን ጠይቁት፤ መልሶ እስኪጨርስም አታቋርጡት። ወላጆችም እንዲሁ፣ ስለ ልጃችሁ ገላ እንግዳ ፊት አትቀልዱ።

የማይስማማ ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ እንከራከራለን።