መጀመሪያ በደብተር፣ ኋላ በብር!

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህን ተረት ያስታወሰኝ የሰው ታሪክ አይደለም፤ በራሴው ኪስ የደረሰብኝ ነገር ነው።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ዕቁብ ወጣልኝና 20 ሺህ ብር እጄ ገባ። በየጋዜጣው እየጻፈ ለሚኖር እንደኔ ላለ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። በዚያው ሰሞን “በመቋቋም ላይ ያለ” የአንድ አክሲዮን ማኅበር ሻጭ ካፌ ውስጥ አስቀምጦ ማኪያቶ ጋበዘኝ። “ወንድሜ፣ ዛሬ አንዷን አክሲዮን በ1 ሺህ ብር ያዛት። ከሁለት ዓመት በኋላ በ3 ሺህ ሽጥልኝ ብሎ የሚለምንህ ሰው ታገኛለህ” አለኝ። 20 አክሲዮን ገዛሁ። ማኅተም ያረፈበት የሚያምር ወረቀት ሰጡኝ። ያቺ ወረቀት ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። የትርፍ ድርሻ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ልሽጥ ብል ገዢ የለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ባለቤቴ ዕቁብ በተነሣ ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች። አትናገረኝም፤ ዝም ብላ ታየኛለች።

ጥፋቱ የሻጩ ብቻ ነው እንዳልል ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። ድንች ስገዛ እንኳ አገላብጬ የማይ ሰው፣ አክሲዮን ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ 20 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ማን አስተምሮኝ? ደግሞስ የት ተምሬ?

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ነገሩ ከኔ መሳቢያ አልፏል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር የአክሲዮን ግብይት ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹን ኩባንያዎች ሲወርስ ያ ጨዋታ አበቃ። ከዚያ ወዲህ 50 ዓመት ያህል ገበያ የሚባል ሳናይ ኖርንና፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። አንድ ትውልድ ተኩል ሳያይ ያደገውን ነገር “በል ግባበት” ተባለ ማለት ነው።

መንግሥት ራሱም ሻጭ ሆኖ ብቅ ብሏል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮምን 10 በመቶ ድርሻ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ገዢዎቹም ከ47 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ከመቶው አሥራ አንዱ እንኳ አልሞላም! ሕዝቡ ገንዘብ አጠረው? አዎ፣ ኑሮው ለማንም የተሰወረ አይደለም። ግን እኔ እንደሚመስለኝ ሌላም ምክንያት አለ። ሰው የማያውቀውን ዕቃ አይገዛም፤ ከገዛም እንደኔ ተሸውዶ ነው። ሁለቱም ለአገር አይበጅም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ያገኘሁት ከአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ወዳጄ ነው። የመሳቢያዬን ታሪክ ሲሰማ ሳቀብኝና “አንተ ሰው፣ አክሲዮን አልገዛህም፤ ቁማር ነው የተጫወትከው” አለኝ።

“እና ምን ላድርግ?”

“መጀመሪያ በደብተር ግዛ።”

የምናብ 100 ሺህ ብር ሰጠኝ። “የአንድ ኩባንያ ዋጋ በየተራ እነግርሃለሁ፤ ስሙንና ዘመኑን ግን አትጠይቀኝ” አለ። መነሻው 5 ነበር። ገዛሁ። ጥቂት ወራት እንደሄደ ከ5 በታች ወረደ፤ ቆይቶም ወደ 3 ተጠጋ። “ወይኔ ገንዘቤ!” ብዬ ደብተሬ ላይ ሸጥኩ። ከዓመታት በኋላ ዋጋው ከ40 አለፈ። “እንግዲህ ይሄ ነገር አይወርድም” ብዬ ያለኝን ሁሉ አፍስሼ መልሼ ገዛሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ15 በታች ገባ። በአንድ ኩባንያ ሁለት ጊዜ ከሰርኩ፤ አንዴ በፍርሃት፣ አንዴ በስስት።

ኩባንያው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የናይሮቢው ሳፋሪኮም! የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 የዚህን ቴሌኮም ሩብ ድርሻ አንዱን በ5 ሺሊንግ ለሕዝብ ሲሸጥ ገዢው ከልክ በላይ ተሻማ። ተበድሮ የገዛም ነበር። ዋጋው በዚያው ዓመት ከመነሻው በታች ሲወርድ ዕዳው ግን አብሮ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ40 ሺሊንግ ያለፈውም፣ በ2023 ከ15 በታች የወረደውም እሱው ነው። ብዙ ኬንያዊ በጥሬ ገንዘቡ የከፈለበትን ትምህርት እኔ ባንድ ደብተር ተማርኩት።

ጨዋታው ሕግ አለው። በእስክሪብቶ ነው የሚጻፈው፤ እርሳስ ይፋቃል፣ ሰውም ራሱን ይዋሻል። ቀኑ፣ ዋጋው፣ የአክሲዮኑ ብዛትና የደላላው ኮሚሽን ይመዘገባል። ከሁሉ በላይ “ለምን ገዛሁ?” የሚለው ባንድ መስመር ይሰፍራል። “ሰው ሁሉ ስለገዛ” ብለህ ከጻፍክ ቆይተህ ስታነበው ታፍራለህ። በስድስት ወሩ ያተረፍከውን፣ ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ከሚያመጣው ወለድ ጋር ታስተያያለህ። ያን ጊዜ ጉራህ ይበርዳል።

ዋጋ ከየት እንደሚመጣም የገባኝ በደብተር ነው። አንዱ ሻጭ 320፣ ሌላው 315 ይላል እንበል። ከገዢዎቹ አንዱ 300፣ ሌላው 305 ይላል። ማንም አልተገናኘም። ገንዘብ የቸገረው ሻጭ ወደ 305 ሲወርድ ግብይት ሆነ፤ የዕለቱ ዋጋ 305 ተባለ። ኩባንያው ግን ያው ትናንት የነበረው ነው! ደግሞ ያ ገዢ የፈለገው 10 አክሲዮን ብቻ ከሆነና አንተ 100 ካለህ፣ የቀረው 90 በ300 ነው የሚሄደው፤ እሱም ገዢ ከተገኘ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ዋጋ ኪስ የገባ ገንዘብ አይደለም። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ካፌ ውስጥ “ማን ነው የሚገዛኝ?” ብዬ እጠይቅ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ደብተር ሁሉን አያስተምርም። በደብተር የከሰረ ሰው እንቅልፍ አያጣም። በደብተር ሁልጊዜ ገዢ አለ፤ በእውነተኛው ገበያ፣ በተለይ ገና ጀማሪ በሆነው በኛው፣ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከደብተሩ በኋላ የሚገባው ገንዘብ ቢጠፋ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የማይነካ ትንሽ ገንዘብ መሆን አለበት። የዕቁብን ገንዘብ በሙሉ ማግባት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሁን ደግሞ ወደሚመለከታቸው ክፍሎች ልዙር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለተማሪዎቻቸው የምናብ 100 ሺህ ዶላር እየሰጡ አክሲዮን ያጫውታሉ። የናይሮቢው ገበያም ለወጣቶች በምናብ ገንዘብ የሚደረግ ውድድር አዘጋጅቷል። እኛስ ምን ያንሰናል? የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንና ገበያው ይህን ጨዋታ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች በእጅ ስልክ ያውርዱልን። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይጫወትበት፣ ባለሱቁም ይሞክረው። ሬዲዮኑም የዶላርና የቡናን ዋጋ እንደሚነግረን የአክሲዮኑን ይንገረን። የደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባለውም የሆቴል አዳራሽ ዎርክሾፕ ማድመቂያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሰው አንብቦ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ።

ሕዝብን ባለአክሲዮን ከማድረግ በፊት ባለዕውቀት ማድረግ ይቀድማል። ብሩን ለመሰብሰብ የደረሰ ስልክ ትምህርቱን ለማድረስ ለምን ያቅተዋል?

ወገኖቼ፣ እስከዚያው ግን ማንንም አትጠብቁ። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ በቂ ነው። ነገ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ጋብዞ “ዛሬ ካልገዛህ አመለጠህ” የሚል ቢመጣ፣ “ቆይ፣ በደብተሬ ስድስት ወር ልያዛትና እነግርሃለሁ” በሉት። እውነተኛ ሻጭ ከሆነ ያኔም ታገኙታላችሁ። ካልሆነም የጠፋው እሱ ነው፤ ገንዘባችሁ ከናንተው ጋር ነው።

ቸር ይግጠመን!