የነርቭ ሐኪም አመራረጥ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ተምሮ የመንግሥት ሥራ የያዘ ወጣት ለቤተ ዘመዱ ሁሉ አማካሪ ነው። ማመልከቻ ይጽፋል፤ ደብዳቤ ያነባል፤ ከዘመድ አንዱን የሚጥል በሽታ የያዘው እንደሆነም «ከነርቭ ሐኪሞች ማንኛው ይሻላል?» ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ በአዲስ አበባ ስሙ የገነነውን ሐኪም መጥራት ነው። እኛ ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው እንላለን።

የሚጥል በሽታ አንድ ቀን ታይቶ የሚያበቃ ሕመም አይደለም፤ መድኀኒቱ በየቀኑ፥ ብዙ ጊዜም ለዓመታት የሚዋጥ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሬ ተሸጦ፥ ወይም ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም በላከው ገንዘብ አንድ ጊዜ ይኬድ ይሆናል፤ በየወሩ ግን ማን ይመላለሳል? እንክብሉ ሲያልቅ ዝም ተብሎ ይቀመጣል። ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኀኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ተደራርቦ ሊነሣ፥ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል።

ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ያደረጉት ጥናት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990 ታትሟል። ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ፤ ከነዚህም በዘመናዊ መድኀኒት የታከሙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ፌኖባርቢታል ግን ያን ጊዜም ርካሽ ነበር! የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ቍጥራቸው ቢጨምርም አብዛኞቹ ዛሬም የሚገኙት በዋናው ከተማ ነው።

እንግዲህ የሚመረጠው አንድ ሐኪም ሳይሆን ሁለት ነው። የሩቁ በሽታውን ለይቶ መድኀኒቱን ያዝዛል፤ በሆሳዕናው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፥ ወይም በዱራሜ ያለው የቅርቡ ሐኪም በየጊዜው ይከታተላል። የሩቁ ሐኪም ብልኀት የሚለካውም በመሣሪያው ብዛት አይደለም፤ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ንጹሕ ሆኖ እንኳ በሽታው ሊኖር ይችላልና። ለቅርቡ ሐኪም ደብዳቤ ይጽፋልን? ያዘዘው መድኀኒት በሆሳዕና ይገኛልን? በዋናው ከተማ በአንድ መድኀኒት ቤት ብቻ የሚሸጥ እንክብል የሚያዝ ሐኪም፥ ምንም ቢማር ለከምባታ ገበሬ የሚሆን አይደለም።

ደግሞም የተመሰከረውን በትዕግሥት የሚሰማ ይሁን። በሽተኛው በወደቀ ጊዜ የሆነውን ራሱ አያውቀውም፤ ስለዚህ አብሮ መሄድ የሚገባው አማርኛ የሚያቀላጥፈው፥ ካፖርት የደረበው ዘመድ ብቻ ሳይሆን፥ ሲወድቅ ያየው ሰው ነው። ያየችው ሀዲይኛ ብቻ የምትናገር እናቱ ከሆነች ልጇ ያስተርጕምላት። በስልክ የተቀረጸ ምስል ካለም ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳዋል።

በጤና ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ግን ምክር ከመስጠት ያለፈ ሥራ አለበት፤ ከግምጃ ቤቱ ያለው ፌኖባርቢታል ለስንት ወር እንደሚበቃ ነገ ጧት ይቍጠር፤ የጐደለውንም ከማለቁ በፊት ይጠይቅ።