እድሩ ለአልጋም ይክፈል

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። በተለይ የደቻቱ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በአገራችን ሴቶችን በብዛት ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ቀጥሎ ያለው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ተስፋው ጨረር ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ በመላ ኢትዮጵያ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ጥቁር አንበሳ። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር ቦጋለ ሰሎሞንና ጥቂት ባልደረቦቻቸው የሠሩበትን ሁኔታ አስቡት። ማሽኑ የሚሠራው በኮባልት ነበር፤ የኮባልት ጉልበት ደግሞ በየ5 ዓመቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጉልበቱ ሲቀንስ እያንዳንዷ ታካሚ ማሽኑ ሥር የምትተኛበት ደቂቃ ይረዝማል፣ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። እነዚህ ሐኪሞች ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከካንሰሩም ከወረፋውም ጋር ሲታገሉ ነው።

ልፋታቸውን ግን አንድ ተራ ነገር ገደል ይከተዋል፤ የማደሪያ ገንዘብ።

ጨረር አንድ ቀን ተወስዶ የሚያበቃ አይደለም። በአብዛኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለ5 ሳምንት፣ 25 ጊዜ ያህል ነው። በየሳምንቱ ሲስፕላቲን የሚባል መድኃኒት ይጨመርበታል። ከዚያ ብራኪቴራፒ፣ ማለትም ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር ይከተላል። ሁሉም በ8 ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ይመከራል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ የተረፈው ካንሰር መልሶ ያድጋል።

እዚሁ ሰፈራችን ጉሊት ትነግድ የነበረች ጎረቤቴ አዲስ አበባ ወረፋዋ ደርሶ ሕክምናውን ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። "ተሻለሽ እንዴ?" ስንላት "የአልጋ አለቀብኝ" አለች። ስትሞት እድራችን በሰዓቱ ደረሰ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው፣ ቡናው፣ ምንም አልጎደለም።

እድሩ ደንቡን ነው የፈጸመው። እኔ የምለው ደንቡ ይቀየር ነው።

"እድሩ ይከስራል" የምትሉ አላችሁ። አቦ፣ እንቁጠረው! በአንድ ጊዜ ከአንድ እድር ጨረር ላይ የምትሆን ሴት ስንት ናት? የመኪናና የአልጋ ወጪዋ ከቀብር ወጪው ጋር ይነጻጸር። የተረፈች እናት ደግሞ መዋጮዋን መክፈሏን ትቀጥላለች።

"ማሽን ወደ ክልል እየወጣ ነው" የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፤ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደር፣ መቀሌና የእኛው ጎረቤት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዕቅዱ ውስጥ አሉ። ቢሆንም ሐረርም ብትሆን 25 ቀን መመላለስ ለጉሊት ነጋዴ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር የመጡ ታካሚዎችን ያሳርፋል፤ ለሁሉም ግን አይበቃም።

በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ ድሬ ማንም ደንብ ሳያወጣላት ቤቷን ከፍታለች። ያንን ልብ አሁን በደንብ እንጻፈው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ሁለት ነገር አጀንዳ አስይዙልኝ። አንደኛ፣ ለጨረር ታካሚ የመጓጓዣና የማደሪያ ክፍያ። ሁለተኛ፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶቼ ተጠራርታችሁ ጤና ጣቢያ ለቅድመ ምርመራ መሄድ። በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሴት ልጆቻችሁንም ክትባቱ አያምልጣቸው፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው።

የእድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ምን እንደተወሰነ እዚሁ ጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።